የነፃነት መታሰቢያ ሳንቲም ከመግዛታችሁ በፊት፦ አዳማ ላይ እንዴት እንደተበላሁ

በ2017 ሚያዝያ ላይ ለአባቴ ስጦታ ብዬ 18,500 ብር ከፍዬ የገዛሁት የነፃነት በዓል መታሰቢያ ሳንቲም፣ ንፁህ ብር ነው ተብሎ ናስ ሆኖ ተገኘ። ይሄን አሁን የምጽፈው በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአያቷ ልትገዛ ነው ብላ ስልኳን አውጥታ ስታሳየኝ ያው ፎቶ፣ ያው ቀይ ከፋይ የለበሰ ሳጥን፣ ያው «12 ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ስላየሁ ነው፣ ልቤ ነው ድንግጥ ያለው። እሷን አስቆምኳት ግን ስንቱን አስቆማለሁ፣ ስለዚ የሆነውን ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አባዬ 77 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው እዚሁ አዳማ ምድር ባቡር ጣቢያ ትኬት መሸጫ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ነው፣ ያኔ ከተማው ናዝሬት ነበር የሚባለው፣ እሱ አሁንም ናዝሬት እንጂ አዳማ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሱ አባት ማለትም አያቴ በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ ሸዋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ዱር የኖረ ሰው ነበር፣ እኔ አልደረስኩበትም ግን ፎቶው ሳሎናችን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል፣ ከነጎፈሬው ከነጠመንጃው። ስለዚ ሚያዝያ 27 እኛ ቤት እንደ ዓመት በዓል ነው፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ይፈላል፣ አባዬም በየዓመቱ አንድ ነገር ሳይናገር ስኒ አያነሳም፦ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ጃንሆይ ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ አምስት ዓመት ሙሉ ቆጥሮ በዛችው ቀን። ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳይናገረው ቢቀር ቅር ይለኛል።

እና የዛን ዓመት ከተለመደው ሸሚዝና ሹራብ ወጣ ያለ ነገር ልስጠው ብዬ ሳስብ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው መጣ። «የኢትዮጵያ የነፃነት 80ኛ ዓመት መታሰቢያ ሳንቲም፣ 999 ንፁህ ብር፣ በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ፣ 1 አውንስ፣ ከሰርተፊኬት ጋር።» በአንድ ፊቱ ሰንደቅ የያዘ አንበሳ፣ በሌላው ጋሻና ጦር የያዘ አርበኛ፣ ዙሪያውን የአማርኛ ጽሑፍ። ሻጩን አወራሁት፣ ጨዋ ነው፣ «እህቴ» እያለ ነው የሚመልሰው። 80ኛው ዓመት እኮ በ2013 አለፈ ስለው ከዛ የተረፈ ነው፣ ለዛ ነው ዋጋው በየጊዜው እየጨመረ የሚሄደው አለኝ፣ እኔን ደግሞ ይሄ የባሰ አጓጓኝ። ብሩን ትራንስፈር አደረኩ፣ በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ተልኮልኝ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ።

ቤት ገብቼ ማግኔት አስጠጋሁበት፣ አልሳበውም፣ በቃ እውነተኛ ነው ብዬ አረፍኩ። እዚጋ ትንሽ ልቁም ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያውቀው ሙከራ ይሄው ብቻ ነው። ማግኔት ብርን አይስብም፣ እውነት ነው፣ ወርቅንም አይስብም፣ ግን መዳብንም አይስብም ናስንም አይስብም። ስለዚ ብር ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር ማግኔት ላይ ጥብቅ ካለ ብር እንዳልሆነ ወዲያው አወቃችሁ፣ ካልተሳበ ግን ገና ምንም አላወቃችሁም። እኔ ይሄን ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው።

ሚያዝያ 27 ጠዋት ቡናው ቀርቦ ሳጥኑን ሰጠሁት። ከፈተው፣ ዝም ብሎ አየው፣ ከዛ በሁለት ጣቱ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ አወጣው። መዳፉ ላይ አኖረና ልክ እንደሚመዝን ሰው ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገው። አገላበጠው። መነፅሩን አደረገ። ደግሞ አገላበጠው።

«ስንት ነው?» አለኝ።

ዋጋውን የጠየቀኝ መስሎኝ ስጦታ እኮ ነው አባዬ፣ የስጦታ ዋጋ አይነገርም አልኩት።

«አይ፣ እሱን አይደለም። ሳንቲሙ ስንት ነው? አምስት ብር ነው? መቶ ብር ነው? የተጻፈበት የለም እኮ።»

እውነትም የለም። 80 የሚል ቁጥር አለ፣ ነፃነት የሚል አለ፣ የብር መጠን ግን የትም የለም፣ ያወጣው ባንክ ስምም የለም። አባዬ ሌላ አልጨመረም፣ ሳንቲሙን ከረከቦቱ አጠገብ ባለችው የእብነበረድ ጠረጴዛ ላይ ከስንዝር በማይበልጥ ከፍታ ለቀቀው። ጠቅ አለና ዝም። ፊቱን አየሁት፣ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ሳያይ በድምፅ ብቻ ሳንቲም የለየ ሰው ፊት ነው። ከዛ ግን «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አባቴን አስታወስሽኝ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ወስዶ ከአያቴ ፎቶ ሥር አስቀመጠው። ሊያስከፋኝ አልፈለገም። እኔ ግን የዛን ቀን እንጀራው ራሱ አልወርድልኝ አለ።

በማግስቱ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሳይነግሩኝ ይሻላል ከማለት ይልቅ ቁርጤን ልወቅ ብዬ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለ ወርቅ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ሙያውን ከአባቱ የተማረ አንጥረኛ። አንድ አውንስ ነው ስለው ሳይነካው በጣቱ ወደ ሚዛኑ ጠቆመኝ፣ እራሴ አስቀመጥኩት፣ 28.6 ግራም። የከበረ ማዕድን የሚለካበት ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ነው፣ ስለዚ ገና ከበሩ 2.5 ግራም ጎድሏል። በደንብ የተሠራ ሳንቲም ከተባለው ክብደት በጣም በትንሹ ቢለይ ነው እንጂ እንዲህ አይጎድልም አለኝ።

ከዛ የሠራውን ነገር በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ሳንቲሙንም አይጎዳም፣ የሚያስፈልገው የግራም ክፍልፋይ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ አስቀመጠና ዜሮ አደረገው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሮ ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ሰደደው፣ ሙሉ በሙሉ ሰምጦ ግን ታችም ጎንም ሳይነካ ተንጠልጥሎ፣ ክሩን በእጁ እንደያዘ። ትናንሽ የአየር አረፋ ተጣብቆበት ስለነበረ ክሩን ነቅነቅ አድርጎ አራገፈው። ሚዛኑ 3.3 አለ። ያ ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው፣ ክብደቱን 28.6ን ለ3.3 ስታካፍሉት 8.7 ይመጣል፣ ማለትም እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ 8.7 እጥፍ ይከብዳል። ንፁህ ብር 10.5 ነው፣ ወርቅ 19.3፣ መዳብ 8.9፣ ናስ እንደ ቅይጡ ከ8.4 እስከ 8.7። ብር ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 3.3 ሳይሆን 2.7 ነበር ማለት የነበረበት። ቀለም ይዋሻል፣ ሰርተፊኬት ይዋሻል፣ ይሄ ግን ከባድ ነው ለማጭበርበር፣ ክብደቱን ሊያስተካክሉ ይችላሉ፣ ስፋቱን ሊያስተካክሉ ይችላሉ፣ ክብደትና መጠንን አንድ ላይ በርካሽ ብረት ማስተካከል ግን ይከብዳቸዋል።

ያም ሆኖ ልቤ አልቆረጠም ነበር፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ስለው «እህቴ ከፈለግሽ በአሲድ እናየዋለን ግን ምልክት ይቀርበታል» አለኝ። እሺ አልኩት። ጠርዙን በሞረድ ትንሽ ፋቀው፣ ቢጫው ወዲያው ለቀቀና ከሥሩ ቀላ ያለ ሌላ ቢጫ ወጣ፣ የወርቁ ቅብ ከሽንኩርት ልጣጭ ይቀጥናል። አንድ ጠብታ አሲድ ጣል ሲያደርግበት አረንጓዴ አረፋ ፈላ። ብር ቢሆን ወተት መሳይ ይሆን ነበር እንጂ እንዲህ አረንጓዴ አያፈላም አለኝ። የሠራበትን አልተቀበለኝም። አደራ የምላችሁ፣ አሲዱን የፈቀድኩት ቀድሞም ያበቃለት ነገር ስለሆነ ነው፣ በእጃችሁ ያለ የድሮ ሳንቲም ላይ ግን ማንም ሞረድ እንዲያስጠጋ አትፍቀዱ፣ እውነተኛ ከሆነ በዛች ጭረት ብቻ ዋጋው ይወርዳል። አባዬ እንዳደረገው መጣልም እንደዛው ነው፣ እሱ የጣለው ምን እንደሆነ ገብቶት ነው። ድምፁን መስማት ከፈለጋችሁ ጣታችሁ ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ በእርሳስ ጎኑን ነካ አድርጉት፣ ብር ከሆነ እንደ ትንሽ ደወል ይረዝማል።

ማታ ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት፣ እያለቀስኩ ነበር፣ ለብሩ ብቻ አይደለም። እሱ ግን ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር እንኳን አላለም፣ ተነሳና ጎረቤታችንን ጠርቶ መጣ። ከኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረው የመጡ። ጋሼ ከኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ፈቱት፣ ሁለት ትልልቅ ነጫጭ ሳንቲም። ከጉዳዩ የሚገርመው እነዚህም የድል መታሰቢያ ናቸው! አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 ሶቪየት ፋሺስት ጀርመንን ያሸነፈችበት 20ኛ ዓመት ሲከበር የወጣ 1 ሩብል ነው፣ ላዩ ላይ በአንድ እጁ ሕፃን ያቀፈ በሌላው ሰይፍ የያዘ ወታደር አለ፣ በርሊን ትሬፕቶው ፓርክ ያለው ሐውልት ነው። ሁለተኛው የ1975ቱ፣ የ30ኛ ዓመቱ፣ ቮልጎግራድ ያለችው ሰይፍ የመዘዘች ሴት ሐውልት ያለችበት።

«እዪው» አሉኝ፣ «አገሩ ተጽፏል፣ 1 ሩብል ይላል፣ ይሄን ይዤ ዳቦ መግዛት እችል ነበር። መታሰቢያ ቢሆንም ገንዘብ ነው። ያንቺው ገንዘብ ሆኖ አያውቅም።»

ነገሩ ግልፅ የሆነልኝ ያኔ ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም ማለት መንግሥት ወይም ማዕከላዊ ባንክ ያወጣው፣ የአገር ስም ያለው፣ የገንዘብ መጠን የተጻፈበት ነገር ነው፣ ገበያ ላይ ባይወጣም እንኳ። መጠን የሌለው ክብ ብረት ሜዳይ ነው ወይም ማስታወሻ ነው፣ ሜዳይ መሆኑ ጥፋት አይደለም፣ ከብር የተሠራ የሚያምር ሜዳይ አለ፣ ግን ሳንቲም ብሎ መሸጥ ውሸት ነው። እኛ አገር ሳንቲምና የብር ኖት የማውጣት ሥልጣን ያለው ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። ስለዚ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ የአባዬ ጥያቄ ነው፣ ስንት ነው? ቀጥሎ፣ ማን አወጣው?

ጋሼ አንድ ሌላ ነገርም አሳዩኝ፣ ጠርዙን። ሩብሎቹ ጠርዝ ላይ ጽሑፍ አለ፣ እኔ ሳንቲም ጠርዝ ላይ እንደሚነበብ አላውቅም ነበር። እነዚህ ሩብሎች እ.ኤ.አ. በ1988 ለሰብሳቢ ተብለው እንደገና ሲመቱ ፊታቸው ላይ ያለው ዓመት የድሮው ሆኖ ጠርዛቸው ላይ ግን 1988 እና «ኤን» የምትባለው የሩሲያ ፊደል ተጨምሮባቸዋል፣ የትኛው የመጀመሪያው የትኛው የኋላው እንደሆነ የሚለየው በጠርዝ ነው። የኛ ጠገራ ብርም እንደዛው ነው፣ ማርትሬዛዋ ጠርዝ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል መሪ ቃል ዙሪያውን አላት፣ ክብደቷ 28 ግራም ነው፣ ከመቶ 83 ያህሉ ንፁህ ብር። እና ማርትሬዛ ላይ 1780 ስላያችሁ ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት ብላችሁ አትክፈሉ፣ ምስሏ ያለባት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዛ ዓመት ነው፣ ሳንቲሟ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘች እስከ ቅርብ ጊዜ በተለያየ አገር ስትመታ ኖራለች።

ሌላው ከጋሼ ሩብል የተማርኩት፣ እውነተኛ መሆንና ውድ መሆን የተለያየ ነገር ነው። የ1965ቱ ሩብል ለሶቪየት የመጀመሪያው የመታሰቢያ ሳንቲም ነው፣ ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ግን ወደ 60 ሚሊዮን ገደማ ነው የተመታው፣ ብረቱም መዳብና ኒኬል ነው፣ ብር የለበትም። ስለዚ በብዛት አለ፣ ርካሽ ነው። ጋሼ ይሄን ያውቃሉ፣ የሚሸጡትም አይደለም፣ የተማሪነት ጊዜያቸው ነው በመሀረብ የታሰረው።

ከዛ አባዬ ጓዳ ገብቶ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው በ40 ዓመቴ ነው ያየሁት። ውስጡ ሰባት ሽልንግ፣ ሦስት ስሙኒ፣ እና አንድ ማርትሬዛ። ለወጣቶቹ፣ ሽልንግ ማለት 50 ሳንቲም ነው ስሙኒ ደግሞ 25። ሽልንጎቹ የጃንሆይ ምስል ያለባቸው፣ ከኋላ አንበሳው፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር 1936። ሦስቱ ጥቁር ብለዋል፣ አራቱ ደብዘዝ ያሉ ግራጫ።

«የነፃነት ሳንቲም ፈልገሽ ከሆነ ይሄውልሽ» አለ።

እንዴት ነው ስለው የነገረኝ ይሄ ነው። ጣሊያን ሲገባ ሊሬ ነው ያመጣው፣ ሰው ግን ጠገራውን እየቀበረ ሊሬውን እየተጠየፈ አለፈ። በ1933 ጠላት ሲወጣ ደግሞ እንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው ገቡ፣ ነፃ ወጣን ተብሎም ገበያው በሰው ገንዘብ ነበር። የኢትዮጵያ የራሷ ብር በሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው፣ ምንዛሪውም አንድ የኛ ብር ለሁለት ሽልንግ። እናም 50 ሳንቲም ልክ አንድ ሽልንግ ሆነች፣ ስሟ እዛው ቀረ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ «የሽልንግ ስኳር» የምለው ለካ ከዛ ኖሯል የመጣው። ሳንቲሞቹ የተመቱት አሜሪካ ፊላዴልፊያ ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለአጋሮቿ በምትሰጠው ብድር ወደ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ብር ሰጥታ ከዛ 30 ሚሊዮን ሽልንግ ተሠራ፣ እያንዳንዷ 7 ግራም ገደማ፣ 80 በመቶ ብር። ይሄን ቁጥር ያገኘሁት በኋላ ሳነብ ነው፣ ለማመን ብዬ እራሴ አባዛሁት፣ 7.03 ግራም በ0.8 በ30 ሚሊዮን፣ ወደ አውንስ ስቀይረው ልክ 5.4 ሚሊዮን መጣ፣ ደስ አለኝ ምን እንደሆነ አላውቅም።

እዚጋም አንድ ማጭበርበሪያ አለ። 1936 የሚለው ዓመት እንደተቀመጠ ለብዙ ዓመት ሲመታበት ኖሯል፣ ስለዚ «የ1936 ብርቅ ሳንቲም» ብሎ ውድ ዋጋ የሚጠራባችሁ ሰው ካለ ዓመቱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በተለይ ቀያዮቹ 1፣ 5 እና 10 ሳንቲሞች መዳብ ናቸው፣ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ሞልተዋል። ስሙኒዋም መዳብ ነች፣ ጠርዟ እንደ አበባ የተሸረፈ የሆነው መጀመሪያ ክብ የነበረችው ከሽልንጓ ጋር በመጠን ስለተመሳሰለች ነው፣ ክቧ ተነስታ ሽራፊዋ ተተካች፣ ስለዚ ክብ የ1936 ስሙኒ ካገኛችሁ በደንብ አስቀምጧት፣ እሷ ናት ጥቂት ያለችው። አባዬ ጋ ያሉት ሦስቱም የተሸረፉ ናቸው፣ አገላብጬ አየሁ።

አሁን ደግሞ የሚቆጨኝን ልናገር። ከጠቆሩት ሦስት ሽልንጎች አንዷን ላስደስተው ብዬ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ፈትጌ አበራኋት። አብረቀረቀች፣ ግን የጃንሆይ ፂም ቀጫጭን መስመር ጠፋ፣ ብርሃን ላይ ሳዘነብላት ሺ ጊዜ የተጫረች መስታወት መሰለች። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ብር በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ልብስ ነው፣ ሰብሳቢ እንዲያውም የሚፈልገው እሱን ነው፣ ያልተነካ መሆኑን ስለሚያሳይ። በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ በፎቶ አይቶ ላልተነኩት ለእያንዳንዳቸው የጠራውን ዋጋ ለሷ ግማሹን ነው ያለኝ። አልሸጥንም፣ ዋጋውን ለማወቅ ነበር። በሎሚ አትሹ፣ በአመድ አትሹ፣ በቢካርቦኔት አትቀቅሉ። አቧራ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቃችሁ ሳትፈትጉ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ማድረቅ፣ በቃ። እና ለስላሳው ፕላስቲክ ኪስ፣ ያ የድሮ ፎቶ አልበም የሚሸተው ዓይነት፣ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ይተፋበታል፣ ከሱ ተራ የወረቀት ፖስታ ይሻላል፣ ደረቅ ቦታ።

እውነተኛ የኢትዮጵያ መታሰቢያ ሳንቲም የለም ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ አለ፣ እና ምን እንደሚመስል ማወቃችሁ ይጠቅማችኋል። በ1958 በጃንሆይ ስም የወጡ የወርቅ ሳንቲሞች አሉ፣ ትልቁ የ200 ብሩ 80 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 90 ወርቅ። በ1964 ከቴዎድሮስ ጀምሮ የነገሥታቱ ምስል ያለባቸው የብርና የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ። በደርግ ጊዜ በ1970 ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጡት አሉ፣ 25 ብሩ የደጋ አጋዘን፣ 600 ብሩ ዋሊያ ያለበት የወርቅ፣ 33.4 ግራም። በ1972 ደግሞ ለዓለም ሕፃናት ዓመት የ20 ብር የብር ሳንቲም። ሁሉም ላይ የአገሩ ስም አለ፣ የብር መጠኑ አለ፣ ክብደትና ቅይጣቸው ተመዝግቦ የታወቀ ነው። ስለዚ አንድ ሰው ይሄን ልሽጥልህ ካለ ክብደቱን ቀድማችሁ እወቁ፣ አብራችሁ ወርቅ ቤት ሂዱ፣ መዝኑ፣ ውሃ ውስጥ ስደዱ፣ ከዛ ነው ብር የሚወጣው። ሻጩ ወርቅ ቤት አልሄድም ካለ እዛው አበቃ። ስፋቱን በካሊፐር የሚለካ ሰው ካገኛችሁም አስለኩት፣ ወርቅ ከባድ ስለሆነ እውነተኛው ሁልጊዜ ከምትጠብቁት ያንሳል ይቀጥናል።

ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ በተለይ የድሮ ሳንቲም ለስጦታ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መላክ የሚያስቡ አሉ። የቅርስ አዋጅ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የአክሱም ሳንቲም ዓይነት ነገር እጃችሁ ከገባማ ጨርሶ የሚሸጥም የሚላክም አይደለም፣ ሌላውንም ቢሆን ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ መጠየቅ ኤርፖርት ላይ ከመወረስ ይሻላል።

ሻጩን በተመለከተ፣ ወርቅ ቤት ሆኜ የሚዛኑን ፎቶ ስልክለት አየው፣ አልመለሰም፣ ማታ አካውንቱ ጠፋ። ስልኩም ዝግ ነው። ያደረግነውን ወሬ ስክሪንሾት አንስቼ አስቀምጫለሁ፣ እናንተም ከምትገዙት ሰው ጋር ስታወሩ «999 ብር» ያለበትን ጽሑፍ ከማጥፋቱ በፊት አንሱት። ብሩ አልተመለሰም።

ሳንቲሙ አሁንም ከአያቴ ፎቶ ሥር ነው። ላነሳው ስል አባዬ ተዪው አለኝ፣ ልጄ የሰጠችኝ ነው አለ። ጠርዙ ላይ የሞረዱ ጭረት አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮታል። ከጎኑ አንድ የወረቀት ፖስታ ጨምሯል፣ ለልጄ ያስቀመጠላት ነው፣ አንዷን የጠቆረች ሽልንግ ከቶበት ላዩ ላይ በዛ በሚያምር የትኬት ጽሕፈቱ በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «50 ሳንቲም። 1936። 7 ግራም። አይታጠብም።»